ምርኩዝ የተሰቀለበት ሾላ

መኪናው ተራራውን ጨርሶ ሳይወርድ ሽታው መጣ። የልጅ ልጄ ሊያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ነበርና ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሶሪ፣ እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ክፈችው» አልኳት።

«ሪሊ?»

«ክፈችው።»

ከማውንትሌክ ቴራስ የተነሳነው በጠዋት ነው። ጉልበቴን ካመመኝ ቆይቷል፤ ሐኪሙ የሚለውን ብሏል፣ እኔም የሚዋጠውን ውጫለሁ። ሊያ ከሲያትል ራቅ ብሎ ተራራው መሀል ያለ ፍል ውሃ በስልኳ ፈልጋ አገኘች፣ ክፍል ያዘች፣ ለእናቷ ነገረቻት። እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም ጋቢዬንና ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ።

«ፓርክ ላድርግና ሻንጣውን አመጣለሁ፤ አንቺ ገብተሽ ተቀመጪ» አለችኝ።

የእንግዳ መቀበያው ከትላልቅ ግንዶች የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጢማም ሰውዬ፣ ሚስቱ፣ በቁመት የተደረደሩ ወንዶች ልጆች፤ ከኋላቸው የእንጨት ቤትና እንፋሎት። ሁሉም ካሜራውን ያያሉ። ጠርዙ ላይ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ አንገቷን ቀና አድርጋ ከፎቶው ውጪ የሆነ ነገር ታያለች።

ሊያ መጥታ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችልኝ። «ይሄ ሰውዬ ነው ውሃውን ያገኘው። ከነፋሚሊው በጋሪ መጥቶ ጫካውን መንጥሮ።»

«ጠፍቶ ነበር?»

«ምኑ?»

«ውሃው።»

ሳቀች። «ኖ፣ ከሱ በፊት የአገሩ ሰዎች ይታጠቡበት ነበር ይላል። ታች ነው የተጻፈው፣ በትንሹ።» ከዚያ ወደ ላይ አመለከተችኝ። ከጣሪያው ሥር ባለው ረጅም ተሸካሚ እንጨት ላይ ያረጁ ምርኩዞች በገመድ ተንጠልጥለዋል። «እዚህ መጥተው የዳኑ ሰዎች ጥለዋቸው የሄዱት ነው ይላል። እውነት ይመስልሻል?»

ካለው ወንበር አንዱን ስቤ ተቀመጥኩ።

አያቴ ባሻ ደገፉ የፍል ውሃቸውን ታሪክ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ቁርጥማት ይዞት መቆም ያቃተው ሰው እንኳ ታሪኩ እስኪያልቅ ቆሞ ይሰማል። አያቴ መንገድ ሠራተኞችን የሚጠብቁ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ማለዳ የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ወደ ቆላው ሲወርዱ ከእሾሁ መሀል እንፋሎት ሲነሣ አዩ። «ምድር ስትተነፍስ አየሁ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ እሾሁን መነጠሩ፣ ድንጋይ ካቡ፣ ሚስታቸውንና ያኔ አንድ የነበረች ሴት ልጃቸውን አምጥተው በቆርቆሮ ቤት አስገቡ። ማንም ያልደፈረውን ቆላ እሳቸው አቀኑ።

ይሄኔ ከሴቶቹ መታጠቢያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የአክስቴ የእትዬ አስካለ ድምፅ ይመጣል።

«አባባ፣ ከብቶቹስ?»

«እደርስበታለሁ!»

አይደርሱበትም። ከብቶቹ የአካባቢው ሰዎች ከብቶች ናቸው። የአያቴ በቅሎ ከመጥፋቷ በፊት ጀምሮ ጨዋማውን ውሃ ለመጠጣት ወደዚያ ይነዱ ነበር፤ ባለቤቶቹ ቦታውን ሆራ ይሉታል። አያቴ ግቢውን ሲያጥሩ በታች በኩል አንድ ቦይ ትተውላቸዋል። ከብቶቹ በሚመጡበት ቀን አቧራው ከሩቅ ይታያል፣ ደወሉ ይሰማል፣ እንግዶቹም ጋቢያቸውን ሰብስበው ዳር ይይዛሉ።

እኔ እዚያ የከረምኩት አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ። እናቴ አራስ ነበረች፣ እኔን ደግሞ ሳል አላስተኛ ብሎኝ ነበር። አባቴ በጭነት መኪና ወስዶ «ሲሻላት እመጣለሁ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። እትዬ አስካለ ደረቴ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ብዙ አዳመጠች። «ድመት ውጠሻል» አለችኝ። ለብዙ ቀን የዋጥኩት ድመት መቼ እንደሚወጣ ስጠብቅ ነበር።

እትዬ አስካለ የሴቶቹ መታጠቢያ ሹም ናት። ቁልፉ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ጊዜ ተድራ፣ ትዳሩ ሳይሆን ቀርቶ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ እየመጣ ይመለሳል። አያቴ ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርገው፣ አብልተውና አጠጥተው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ሴቶቹን ማን ሊያጥብልኝ ነው?» መልስ ያለው ሽማግሌ አልተገኘም። እውነትም ሴቶቹ የሚመጡት ለእሷ ነበር። የትኛዋ ለሙቀቱ ልቧ እንደማይችል፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ሆና እንደደበቀች በእጇ ታውቃለች።

የእኔ ሥራ የረጠበ ጋቢ እየጨመቁ ማስጣት፣ ገንዳው ሲለቀቅ ሲሚንቶውን በመጥረጊያ ማሸት፣ ለወጡት ሴቶች ትኩስ አጥሚት ማቀበል ነበር። ከፍል ውሃ የወጣ ሰው ቀዝቃዛ አይጠጣም፣ ንፋስም አይመታውም። ጠዋት ጠዋት እንቁላል በጨርቅ ቋጥረን ውሃው ከሚፈልቅበት ዓይን ውስጥ እናወርዳለን። እየበላሁት የሽታው ምንጭ እንቁላሉ ይሁን ውሃው ግራ ይገባኝ ነበር።

የግቢው ኩራት ግን ሾላው ነው። የዳነ ሰው ምርኩዙን በጨርቅ አስሮ እዚያ ላይ ይሰቅላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሰውየው ወደ ኋላ ሳያይ ይሄዳል። ከሰቀሉ በኋላ መቆየት ነውር ነው፤ ክፍሉ ለሌላ በሽተኛ ይለቀቃል። ዛፉ ከመንገዱ ሲታይ አጥንቱ የቆመ ትልቅ እንስሳ ይመስላል። እኔ ሥሩ ጋደም ብዬ ምርኩዞቹን አያለሁ። የብዙዎቹ ጫፍ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ከላይ ያሉት አንዳንዶቹ ግን ጫፋቸው እንደሾለ፣ ልጣጫቸውም እንዳለ ነው። የእነዚህ ባለቤቶች ሕመማቸው ስለጠና አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመዱባቸው በቃሬዛ መጥተው መሆን አለበት ብዬ አዝንላቸው ነበር።

ጋሽ መኮንን የመጣው በኅዳር ነው። ከወረዳው ከተማ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ስለሚውል ጉልበቱ አብጦ ነበር። በምርኩዝ እየተደገፈ ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ ያኔ እውነትም ታሞ ነበር።

አንድ ሱባዔ ተነከረ፤ እብጠቱ ጎደለ። ምርኩዙን ግን አልሰቀለም። «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። ሌላ ሱባዔ ያዘ። ቀጥሎ የስፌት መኪናውን በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኖ አስመጣ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልወድም ብሎ። የመታጠቢያውን መጋረጃ በሙሉ አዲስ ሰፋ፣ ለእኔ ቀሚስ ሠራልኝ። እያንጎራጎረ ፔዳሉን ሲረግጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። የታመመው ጉልበት ከፍ ዝቅ ይላል። መኪናው ነው እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ብዬ አመንኩ፤ ሕክምናው እንደዚያ ነው አልኩ።

መጋረጃው ደግሞ አልቆ አያልቅም። አንዴ አጠረ፣ አንዴ ረዘመ።

«አሁንስ ወይዘሮ አስካለ?»

«ከታች ብርሃን ያስገባል።»

«እንግዲያው ልጨምርበት።»

«ጨምርበት።»

ሌላ ንግግር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። አጥሚት ግን በእኔ እጅ ትልክለታለች፣ ማር ያለበትን።

አንድ ቀን ሲያነክስ ሳየው በግራ እግሩ ነው፤ በማግሥቱ በቀኙ። ደንግጬ ሮጬ ነገርኳት።

«ቁርጥማት ይዞራል» አለችኝና ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያለቀሰች መስሎኝ ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ቆምኩ።

ለካ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ኖሯል። ወይዘሮ የሺ የምትባል፣ ወገቧን የሚያማት የእህል ነጋዴ ነበረች፤ ገንዳ ውስጥ ገብታ አፏን የሚዘጋት የለም።

«አስካልዬ፣ ያ ሰፊ ዛሬም አልዳነ?»

«አልዳነም።»

«ምስኪን። ሕመሙ ከጉልበቱ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው።»

«የሺ፣ ጀርባሽን አዙሪ።»

«ወዴት ደረሰ ይሆን? ደረቱ ጋ?»

«የሺ፣ ፈላ ያለውን ልልቀቅብሽ?»

ሴቶቹ ይንጫጫሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የእኔም ሕመም ደረቴ ላይ ስለነበረ፣ ጋሽ መኮንንም እንደኔ ማታ ማታ ይስላል ማለት ነው ብዬ አዘንኩለት። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሳል በዚያን ጊዜ ለቆኝ ነበር። ከዳንኩ አባቴ መጥቶ እንደሚወስደኝ ስለማውቅ፣ እትዬ አስካለ ስታልፍ ትንሽ እስላለሁ።

ያላወቁት አያቴ ብቻ ነበሩ። እንግዶቹ መጠየቅ ጀምረው ነበር። «ባሻ፣ ያ ልብስ ሰፊ ምን ሆኖ ነው? ውሃው ደከመ እንዴ?» አያቴ ይህን ሲሰሙ ምግብ አይበሉም። የእሳቸው ውሃ ያላዳነው ጉልበት፣ ጠዋትና ማታ በሰው ፊት ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ጋሽ መኮንን ገንዳ ውስጥ ሳለ አያቴ ወደ ወንዶቹ በር ሄደው ምርኩዙን ከጥጉ አነሱ። መሰላሉን ከሾላው ጋር አስደገፉ።

«ሚጣ፣ ነይ መሰላሉን ያዢልኝ።»

በሁለት እጄ ያዝኩ። አያቴ እያለከለኩ ወጡ፣ ምርኩዙን ከሁሉም ከፍ ካለው ቅርንጫፍ አሰሩ፣ ወረዱ፣ ወደ ሰው ዞሩ።

«ዳነ! ልብስ ሰፊው ዳነ! እልል በሉ እንጂ!»

እልልታው ተነሣ። ጋሽ መኮንን ጋቢ ተከናንቦ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አለ። እጁን ወደ በሩ ጥግ ዘረጋ፤ ባዶ ነው። ቀና ብሎ ዛፉን አየ።

«ና እስቲ ተራመድ!» አለች ወይዘሮ የሺ።

አንድ እርምጃ አነከሰ። ቆመ። ከዚያ ሁለቱን እግሮቹን እንደ ማንም ሰው እየረገጠ አያቴ ፊት መጥቶ ቆመ። እልልታው ባሰ። አያቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ባሻ» አለ፣ «ጉልበቴ ከዳነ ቆይቷል።»

«ይኸው አየን እንጂ!»

«የቆየሁት ልጅዎን አስካለን ፈልጌ ነው። ነገ ከሄድኩ በምን አመካኝቼ እመለሳለሁ?»

እልልታው ከጫፍ ጀምሮ እየሞተ መጣ። አያቴ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተጠጉ።

«ድነህ ነው የምታነክስብኝ?» አሉ። «ሰው ውሃው ደከመ እያለ ስሜን ሲያነሣ፣ አንተ ገላህን ታሞቃለህ? በውሃዬ ላይ የዋሸ ሰው ከዚህ ግቢ ሴት አያገባም። ዛሬውኑ ውጣ!»

ጋሽ መኮንን አንገቱን ደፋ። ሄደ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሁሉም እንደዚያ ያሰበ ይመስለኛል። ከዚህ በፊት የመጡት ሽማግሌዎችም እንዲሁ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሄዱት።

የሴቶቹ በር ተከፈተ። እትዬ አስካለ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሶ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ እያንቃጨለ መጣች። አያቴ ዘንድ ደርሳ፣ እኔና ጋሽ መኮንን ብቻ በምንሰማው ድምፅ ተናገረች።

«አባባ፣ መዋሸት የሚያስከለክል ከሆነ ከዛፉ እንጀምር።»

«ምን አልሽ?»

«መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

እንዴ! መሰላሉን የያዝኩትማ እኔ ነኝ። አሁንም እጄ ከእንጨቱ አልተላቀቀም። ልከራከር አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁትና ዝም አልኩ።

አያቴ ሾላውን ቀና ብለው አዩ። ብዙ አዩት። ወደ እሷ ሲዞሩ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ሴቶቹንስ ማን ሊያጥብልኝ ነው?»

«የባለከብቶቹ ልጅ ጫልቱ አለች። እናቷም ከእኛ በፊት እዚሁ ነበረች፤ ከከብቶቹ ጋር።»

አያቴ የጠፋባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስል ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ጋሽ መኮንን ዞሩ።

«ሰው ሽማግሌ ይልካል» አሉ። «ጋቢ ለብሶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ሚስት አይጠየቅም።»

ወይዘሮ የሺ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሽማግሌው መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ጥያቄውን አያቴ አልጠየቁም። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተባለ።

ሠርጉ አልፎ እትዬ አስካለ ከባሏ ጋር ከመሄዷ በፊት ባለው ጠዋት አብረን ገንዳውን አሸን። ያስጨነቀኝን ጠየቅኳት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ሆኜ ሳለ ለምን እኔ ነኝ አለች? መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችኝና፣ እጄን ይዛ ሾላው ሥር ወሰደችኝ።

«ጫፋቸው የሾለውን ታያለሽ? ከላይ ያሉትን?»

«በቃሬዛ የመጡት ሰዎች ናቸው።»

«ማን አለሽ?»

«እኔ።»

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ዓመት አንድም ሰው አልመጣም። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ውሃውም ሰይጣን ይዞታል ተባለ። አያቴ አንድ ቀን ጫካ ገብተው ዱላ ቆርጠው መጡ፣ በሻሽ አሰሩና ሾላው ላይ ሰቀሉ። እሷ እንደኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። መሰላሉን ያዘች።

«ከዚያ አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ ዱላዎቹን አየች። ወገቧ የተቆለመመ፣ በሁለት ምርኩዝ የምትሄድ። እዚህ ሰው ይድናል ማለት ነው ብላ ገባች።» ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ምርኩዞችን በጣቷ ነካች። ጫፋቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል። «ቀና ብላ ሄደች። እነዚህ የእሷ ናቸው።»

እኔም በእግሬ ጣቶች ቆሜ ነካኋቸው።

«ለማንም አትንገሪ፤ አባባ ያዝናል። አንቺ ግን እወቂው» አለችኝ። ወደ ገንዳው ስንመለስ ደግሞ፣ እኔን ሳታይ፣ «ሳሉንም ተይው አሁን። ድነሻል» አለች።

አውቶቡሱ ሲመጣ የስፌት መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣ። እትዬ አስካለ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ለአያቴ ትሰጣለች ብዬ ጠበቅኩ። የሴቶቹ በር ላይ ሰክታው ሄደች፤ በሩም ክፍት ነበር። እንደ ዳነ ሰው ወደ ኋላ አላየችም። እኔ አውቶቡሱ ከአቧራው ጋር እስኪጠፋ ቆምኩ።

ጫልቱ መጣች። ሴቶቹ እጇ ከአስካለ ይለሰልሳል አሉ። ተናደድኩባቸው፤ ግን እውነታቸውን ነበር።

አባቴ ሊወስደኝ የመጣ ዕለት አያቴ አጥሩ ጋ ተቀምጠው ነበር። አክስቴ ከሄደች ወዲህ ታሪኩን ለእንግዳ ሲናገሩ አልሰማሁም።

«ዳንሽ አይደል ሚጣ?»

«አዎ አባባ።»

«ምርኩዝ የለሽም እንጂ...» አሉና ዛፉን አዩ። ከዚያ እኔን። «ትንሽዬ ልቁረጥልሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አያቴ ሳቁ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ልክ እንደ ልጃቸው ነበር የሚስቁት። ከዚያ መኪናው አጠገብ ለቆመ አንድ አዲስ እንግዳ፣ ሳይጠየቁ፣ «እኔ ስመጣ እዚህ ከብት ይጠጣ ነበር» ብለው ጀመሩ።

«እማማ፣ ኦኬ ነሽ?» ሊያ ትከሻዬን ነካችኝ። «ክፍላችን ሬዲ ነው።»

ውሃው ውስጥ ገባን። ሙቀቱ ደህና ነው። ጉልበቴ ቀለል አለኝ፤ ዳነ ለማለት ግን አልደፍርም። ስንወጣ ሊያ ሂሳብ ልትዘጋ ስትሄድ እኔ ምርኩዜን ተደግፌ ምርኩዞቹ ሥር ቆምኩ። መነጽሬን አወጣሁ። ጫፋቸውን አየሁ።

አብዛኞቹ ተበልተዋል፤ ብዙ መንገድ የሄዱ ናቸው። ከዳር ያሉት ጥቂቶቹ ግን ትናንት የተጠረቡ ይመስላሉ።

ሳቄ መጣ። ሊያ ዞር አለች። ጮክ ብዬ ስስቅ ብዙ ጊዜ አላየችኝም።

«ዋት? ምን አየሽ?»

ወደ ፎቶው ሄድኩ። ጢማሙ ሰውዬ አሁንም ካሜራውን ያያል፤ ጠርዝ ላይ ያለችው ልጅ ወደ ላይ። ቀሚሷ ከእናቷ ቀሚስ ተቆርጦ የተሰፋ ሳይሆን አይቀርም። ጣቴን አጠገቧ አደረግኩ።

«መሰላሉን የያዘችው ይቺ ትሆናለች» አልኩ።

«የምን መሰላል?»

«መኪና ውስጥ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ጋቢዬን አልብሺኝ፤ ከፍል ውሃ የወጣ ሰው ንፋስ አይመታውም።»